ከባነሩ እስከ ውጤት ካርዱ፦ የባሕር ዳር አገልግሎት ዴስኮች መለኪያዎች ሲመዘኑ

ባሕር ዳር ውስጥ ክፍለ ከተማ ወይም ቀበሌ ጉዳይ ያለው ሰው አዳራሹ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ባነር ላይ ነው፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የሚሟሉ ማስረጃዎች፣ ክፍያው፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ጊዜ»። አንዱ 20 ደቂቃ፣ ሌላው 2 ሰዓት፣ የይዞታ ጉዳይ ከሆነ ቀናት። ከባነሩ ሥር የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል፤ አንዳንዱ አዳራሽ የተራ ቁጥር ማሽን አለው፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ባለጉዳዩ የማያየው የሠራተኛው የውጤት ካርድ አለ። ሁሉም መለኪያዎች ናቸው። አገልግሎቱን የሚገመግም ሞልቷል፤ እዚህ የሚገመገሙት መለኪያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ለአብዛኞቹም ከአምስት ነጥብ ይሰጣቸዋል። የትኛው እውነቱን ይናገራል፣ የትኛው ለይስሙላ ተሰቅሏል፣ በትንሽ ወጪስ ምኑ ይስተካከላል? የተጻፈው ለዕቅድ ባለሙያዎች፣ ለቡድን መሪዎችና ወረፋ ላይ ቆሞ ነገሩ ለምን እንደማይሠራ ለሚገርመው ሰው ነው። ችግሮቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ስላልሆኑ የማንም ስም አልተነሣም።

ብያኔው ይቅደም። ከመለኪያዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው አብዛኛው ባነር ላይ የሌለው ነው፤ ምልልስ። አንድ ሰው አንድ ጉዳይ ለመጨረስ ስንት ጊዜ ከቤቱ ወጣ? ከመሸንቲ ወይም ከዘንዘልማ ተሳፍሮ ለሚመጣ ሰው፣ ከዘጌ በጀልባ ለሚሻገር ሰው ወይም ሱቁን ዘግቶ ለሚመጣ ነጋዴ መስኮቱ ላይ 20 ደቂቃ ቆመ 40 ደቂቃ ብዙም ለውጥ የለውም። የሚጎዳው «ነገ ተመለስ» ነው።

ባነሩን እንየው። የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሐሳብ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ዘመን ይፋ የሆነ ነው። መንግሥት ምን፣ በስንት ጊዜ፣ በምን ጥራት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ቃል ይገባል። እኛ ዘንድ ከሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው፣ በተለይም ከቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከሥሩ እንደገና ከመቅረጽ) ጋር ተዳብሎ «ስታንዳርድ» ሆነ፤ ሥራው በጊዜ፣ በመጠንና በጥራት ተለክቶ ይቀመጣል። የሚጠየቁትን ማስረጃዎችና ክፍያውን ግድግዳ ላይ ማውጣቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ደላላው ከሚኖርባቸው ቀዳዳዎች አንዱን ይደፍናል። ለዚህ ለዚህ ከአምስቱ ነጥብ ሦስቱ ይገባዋል።

የተቀሩትን ሁለቱን የሚያሳጣው «ጊዜ» የሚለው ዓምድ ነው። 20 ደቂቃው ከምን እስከ ምን ነው? ባነሩ አይናገርም። የተለካው ማስረጃው ሁሉ ተሟልቶ፣ ማህደሩ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ፣ ፈራሚው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መብራትና ኔትወርክ ኖሮ የሚፈጀው የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ የሠራተኛው ሰዓት የሚጀምረው ፋይሉን «ተቀብያለሁ» ካለ በኋላ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ግልጽ መውጫ ይከፍታል፤ ፋይሉን አለመቀበል። «ኮፒው ደብዝዟል፣ ሰኞ አሳምረህ ይዘህ ና።» ሰኞ የመጣው ሰው በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያ ቀኑ ሰኞ ነው። መጀመሪያ የመጣበት ያለፈው ሐሙስ የትም የለም።

ይህ የእኛ አገር ብልሃት ብቻ አይደለም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ሕመምተኛ በ48 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረስ የሚል ዒላማ ነበር። አንዳንድ ክሊኒኮች ዒላማውን የመቱት ከ48 ሰዓት የራቀ ቀጠሮ መስጠት በማቆም ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ የፈለገ ሰው «በዕለቱ ጠዋት ደውል» ይባል ነበር። በ2005 የምርጫ ዘመቻ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ይህ ቅሬታ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲቀርብላቸው መደንገጣቸው ተመልካች ሁሉ ያየው ነው። ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1975፣ ቻርልስ ጉድኸርት የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ፣ ለቁጥጥር ሲባል ጫና የሚደረግበት አኃዝ የቀድሞ ባህሪውን እንደሚያጣ አስጠንቅቆ ነበር። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው ጉድኸርትን ባያነብም ሕጉን በደንብ ያውቀዋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ባለጉዳዩ ማስረጃ ቢጎድለውም ባይጎድለውም መጀመሪያ የመጣበት ቀን ይመዝገብ። አንድ ትልቅ መዝገብ ይበቃል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ጉዳይ፣ መጀመሪያ የመጣበት ቀን፣ ማስረጃው የተሟላበት ቀን፣ ያለቀበት ቀን፣ ምልልስ። በምልልስ ዓምድ ላይ በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት ይደረጋል። ከዚያ ሁለት ዓይነት የጊዜ ቆጠራ ይኖራል ማለት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ (ከተሟላበት እስካለቀበት) እና የባለጉዳዩ (ከመጀመሪያው ቀን እስካለቀበት)። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ከሄደ ባነሩ ላይ ያለው የማስረጃ ዝርዝር አይገባም ወይም ሠራተኛው ከዝርዝሩ ውጭ እየጠየቀ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት «ምን ጎደለ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተደጋግመው የሚመጡት ሦስት ወይም አራት ምክንያቶች ይታወቃሉ።

ወደ ውጤት ካርዱ እንሂድ፤ ብዙ ወረቀት የሚበላው እሱ ነው።

ሚዛናዊ ስኮር ካርድ፣ በቢሮ ቋንቋ ቢኤስሲ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በሮበርት ካፕላንና በዴቪድ ኖርተን የቀረበው ለኩባንያዎች ነበር። መልእክቱም ትርፍና ኪሳራ ብቻ እያዩ ኩባንያ አይመራም፤ የደንበኛ፣ የውስጥ አሠራር፣ የመማማርና ዕድገት ዕይታም ይታከልበት የሚል ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ከቢፒአር ቀጥለው ሲቀበሉት አራቱንም ዕይታዎች ይዘው፣ ከተቋም ወደ ሥራ ሂደት፣ ከሥራ ሂደት ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ግለሰብ አወረዱት። ችግሩ ያለው መውረዱ ላይ ነው። የከተማ አስተዳደር ግብ ሆኖ ትርጉም ያለው ነገር፣ መስኮት 3 ላይ የተቀመጠች ባለሙያ ካርድ ላይ ሲደርስ «የበጀት አጠቃቀምን ማሻሻል» የሚል፣ እሷ ምንም ልታደርግበት የማትችል መስመር ይሆናል። ትሞላዋለች። መቶ በመቶ።

የካርዱን ጤንነት ለመፈተሽ ክብደቶቹን ማየት ይበቃል። አንድ ካርድ ላይ 12 ግብ ተዘርዝሮ «የተገልጋይ እርካታ» ክብደቱ 3 ነው እንበል። አፈጻጸሙ ከ90 ወደ 50 ቢያሽቆለቁል ሠራተኛው የሚያጣው 3 ሲባዛ በ0.4፣ ማለትም 1.2 ነጥብ ነው። «ሪፖርት በወቅቱ ማቅረብ» ክብደቱ 8 ሆኖ ሪፖርቱ ጭራሽ ካልቀረበ 8 ነጥብ ይሄዳል። ሠራተኛው የቱን ያስቀድማል? ወረፋውን አቁሞ ሪፖርቱን ይጽፋል፤ ካርዱ ያዘዘውን ነው የሚያደርገው። እዚህ ላይ ሠራተኛውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት አፈጻጸም «ከዕቅድ አንጻር በመቶኛ» መሰላቱ ነው። ሐምሌ ላይ 200 ፋይል አቅዶ 240 የጨረሰ ሠራተኛ 120 በመቶ ነው። 400 አቅዶ 360 የጨረሰ 90 በመቶ ነው። በ120 ፋይል የሚበልጠው ሰው በነጥብ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት እሱም 200 ያቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በሪፖርት እያደገ በሥራ ያሽቆለቁላል። ዕቅድ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ክንውን በታች ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ የሚል አንድ ሕግ ይህን በአብዛኛው ያስቆማል።

ሦስተኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው። ምዘናው በየስድስት ወሩ፣ ታህሳስና ሰኔ መጨረሻ ላይ ይሞላል። ነጥቡ ለደረጃ ዕድገት፣ ለዝውውርና ለትምህርት ዕድል ስለሚያዝ፣ ዝቅ አድርጎ መስጠት ከሠራተኛው ጋር ዓመት ሙሉ መጣላት ነው። ቡድን መሪው ታዲያ ሁሉንም ዘጠና ቤት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የባህሪው ክፍል ላይ በራስና በባልደረባ የሚሰጠው ነጥብ ደግሞ እጅ ለእጅ መተጣጠብ ነው። ሁሉም ዘጠና ምናምን ባገኘበት ቡድን ካርዱ የሚለየው ሰው የለም። ባለፉት ሁለት ምዘናዎች የቡድኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ልዩነት ከ10 በታች ከሆነ፣ ያን ካርድ ለውድድር መጠቀም ዕጣ ከማውጣት አይሻልም።

ሥርዓቱ ሀገር አቀፍ በመሆኑ አንድ ክፍለ ከተማ ብቻውን ሊተወው አይችልም፤ በውስጡ ያሉትን መስመሮች ግን መምረጥ ይችላል። ለአንድ የፊት ለፊት ቡድን አምስት መለኪያ ይበቃል፤ ከ10 በታች ክብደት ያለው መስመር አይግባ። ለምሳሌ ምልልስ 30፣ የቀጠሮ ቀኑ ሳያልፍ ያለቀ ፋይል 25፣ ስህተት ኖሮበት ለእርማት የተመለሰ ሰነድ 20፣ የተስተናገደ ብዛት 15፣ የመዝገብ አያያዝ 10። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ምልልስ በግለሰብ ካርድ ላይ አይውረድ። ባለጉዳይ አራቴ የሚመላለሰው ብዙ ጊዜ በመስኮቱ ሠራተኛ ጥፋት ሳይሆን ማህደር ጠፍቶ፣ ፈራሚ ስብሰባ ገብቶ ነው። በግለሰብ ላይ ከተጫነ ጭረቱ መሰረዝ ይጀምራል። በቡድኑ ካርድ ላይ ከዋለ ግን መዝገብ ቤቱም፣ መስኮቱም፣ ኃላፊውም አንድ ቁጥር ይጋራሉ። እንደተለመደው ካርዱ ሲሞላ 2፣ በዚህ መልክ ከተከለሰ 3 ተኩል።

ፋይል የት እንደሚቆም ለማወቅ ደግሞ ከካርዱ የተሻለ መሣሪያ አለ፤ የሚያስፈልገውም ስቴፕለርና የተባዛ ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ቅጽ በእያንዳንዱ አዲስ ፋይል ሽፋን ላይ ይያያዛል። ዓምዶቹ ዴስክ፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ምን ተሠራ፣ ፊርማ ናቸው። ወሳኙ ሥነ ሥርዓት የገባበት ሰዓት ፋይሉ እጅ እንደገባ መሞላቱ ነው። ሲያስረክብ ከተሞላ ሁለቱም ሰዓት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጻፋል፤ ልዩነቱም ምን ጊዜም «10 ደቂቃ» ይሆናል። ቅጾቹ ተሰብስበው ሁሉም ቦታ አሥር ደቂቃ ካለ መለኪያው አልተጀመረም ማለት ነው።

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ምትክን እንውሰድ። ፋይሉ ከመስኮት ወደ መዝገብ ቤት፣ ወደ ባለሙያ፣ ልኬት ካስፈለገ ወደ ቀያሽ፣ ወደ ቡድን መሪ፣ ወደ ኃላፊ፣ ወደ ክፍያ፣ ወደ ኅትመት ይጓዛል። በ40 ፋይል ላይ ይህ ቅጽ ለጥቂት ሳምንት ሲያያዝ የሚወጣው ሥዕል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እጅ የነካበት ጊዜ ተደምሮ ጥቂት ሰዓታት፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የከረመበት ግን ቀናት። የሚተኛባቸው ሁለቱ አልጋዎችም ይታወቃሉ፤ ማህደር ፍለጋና ፊርማ ጥበቃ። ለመጀመሪያው የካይዘን (የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) አምስቱ ማዎች፣ ማለትም በ«ማ» የሚጀምሩት የሥራ ቦታ ማደራጃ ደንቦች፣ በእውነት ይሠራሉ፤ ለምሳሌ፦ የሞተውን ፋይል ማጣራት፣ በቀበሌና በቁጥር ደርድሮ ማስቀመጥ፣ ከመደርደሪያው ለወጣ ማህደር ሁሉ በቦታው ማን እንደወሰደው የሚናገር ካርቶን መተካት። ይህች ካርቶን ያለችበት መዝገብ ቤትና የሌለችበት የሰማይና የምድር ልዩነት አላቸው። ለሁለተኛው መፍትሔው የፊርማ ውክልና ነው። ኮፒ የማረጋገጥና ይዘቱ የማይለወጥ ምትክ የመስጠት ሥራ ለቡድን መሪ ይወከል፤ ኃላፊው ዘንድ የሚሄደው ውሳኔ የሚጠይቀው ብቻ ይሁን። አዲስ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት ይህን ቅጽ ሞክሩ። ከ5 ነጥብ 4 ተኩል፤ ግማሿ የተቀነሰችው ቅጹን የሚደምር ሰው ካልተመደበ ካቢኔት ውስጥ ተረስቶ ስለሚቀር ነው።

ቁጥሮቹ ሲደመሩ የሚመጣው ጣጣ በውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የለም፤ የኛው የቀን አቆጣጠርና ሰዓት ነው። ማሽኑና ሲስተሙ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ያትማሉ፤ መዝገቡ በእጅ፣ በእኛው ይጻፋል። ጠዋት 3፡00 የገባ ፋይል በማሽን «9:00» ተብሎ ታተመ እንበል። ከሰዓት 9፡00 ሲወጣ ሠራተኛው በእጁ «9፡00» ጻፈ። ሲቀናነስ ዜሮ ደቂቃ። ስድስት ሰዓት የቆየ ጉዳይ በቅጽበት አለቀ ተብሎ ሪፖርት ይገባል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብሎ ኤክሴል ላይ ያስገባ ሰው ቀን አላስገባም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ስለሌለው ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይይዘውና ወደ ግራ ይጠጋል፤ ቀመሩም ስህተት ይሰጣል። ጳጉሜን ከገባ ይብሳል፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ጨርሶ አይቀበልም። ጳጉሜን 3 ገብቶ መስከረም 4 ያለቀ ፋይል የቆየው 6 ቀን ነው፤ ጳጉሜን እንደ 2015 ዓ.ም 6 ቀን ከሆነች ደግሞ 7። መፍትሔው አንድ አቆጣጠር መርጦ በቅጹ ራስጌ ላይ በትልቁ መጻፍ፣ ከሰዓቱ ጎን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ማለት፣ የእኛውን ቀን በኤክሴል ለማስላት ደግሞ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ማስገባት ነው። በወሩ ቁጥር ላይ አንድ ቀንሶ በ30 አባዝቶ ቀኑን መደመር በዓመቱ ውስጥ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይሰጣል። ጳጉሜንን ጨምሮ ይሠራል። በሁለት ዓመት መካከል ለሚያልፍ ፋይል ብቻ 365 ወይም 366 ይታከላል።

አማካይን አትመኑ። አሥር ፋይሎች በ1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 21 እና 32 ቀን አለቁ እንበል። ድምሩ 70፣ አማካዩ 7 ቀን ነው። ከአሥሩ ሰዎች 7 ቀን የቆየ ግን አንድም የለም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐሉ 2 ተኩል ነው፤ አብዛኛው ሰው ያየው ይህን ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ለብቻቸው ተነሥተው ፋይላቸው ሊከፈት ይገባል። ወርሃዊ ሪፖርት ላይ «መሐለኛው 2 ተኩል፣ ከ20 ቀን በላይ የቆዩ 2» ብሎ መጻፍ ከ«አማካይ 7» እጅግ ይሻላል። ምክንያቱም ከ20 ቀን በላይ በቆዩት ሁለቱ ላይ ኃላፊው የትኞቹ ናቸው ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የተራ ቁጥር ማሽኑ ከ5 ነጥብ 3 ያገኛል፤ ወረፋ ላይ የሚነሣውን ጭቅጭቅ አጥፍቷልና። እንደ መለኪያ ግን ያታልላል። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥሩ የታተመበትን፣ የተጠራበትንና ሠራተኛው «ቀጣይ» ያለበትን ሰዓት ነው። ማስረጃ ጎድሎት የተመለሰውም፣ ጉዳዩ ያለቀለትም፣ ወደ መስኮት 7 የተላከውም በ«ቀጣይ» ይዘጋሉ፤ ሦስቱም «ተስተናግዷል» ይባላሉ። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ የሚመልስ መስኮት ፈጣን ሆኖ ይታያል። ማሽኑን የሚያቀርበው ድርጅት መዝጊያውን በሦስት ቁልፍ እንዲከፍለው በውሉ ላይ አስገቡ፦ ተፈጸመ፣ ተመለሰ፣ ተዛወረ። ተጨማሪ ሁለት ነገር፦ መብራት ሲጠፋ የቀኑ መረጃ እንዳይበላሽ ባትሪ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱ ደግሞ በሙቀት የሚጻፍ በመሆኑ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ዳር ቢቀመጥ ይጠቁራል ወይም ይደበዝዛል። ለማስረጃነት ከፋይል ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ገልብጡት።

የሐሳብ መስጫ ሣጥኑ 1። ቁልፉ ያለው ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው እጅ ነው።

የእርካታ መጠይቁ ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ያስፈልገዋል። እንደተለመደው የሚሞላው አዳራሹ ውስጥ፣ በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ፣ ጉዳዩ አልቆለት ወረቀቱን ይዞ ለሚወጣ ሰው ነው። ወረቀቱን የያዘ ሰው በዚያች ደቂቃ ይቅር ባይ ነው፤ ተስፋ ቆርጦ የቀረው ደግሞ በመጠይቁ ውስጥ የለም። ውጤቱ 85 በመቶ ረክቷል ቢል አይግረማችሁ። በምትኩ ከመዝገቡ ላይ ፋይላቸው ካልተዘጋው መካከል በየወሩ 20 ስልክ ይመረጥ፤ በቅደም ተከተል ሳይሆን በየአሥረኛው ተራ ቁጥር። የሚደውለው ከሌላ ክፍለ ከተማ ወይም ከቅሬታ ሰሚ የመጣ ሰው ይሁን። «ረክተዋል ወይ» አይባልም፤ ሰው ለማያውቀው ደዋይ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ይላል። የሚጠየቀው ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው። ስንት ጊዜ መጡ? ባነሩ ላይ ያልተጻፈ ማስረጃ ተጠየቁ? ጉዳዩን የሚያስፈጽምልዎ ሰው ነበረ? ስለ እጅ መንሻ በቀጥታ ከጠየቃችሁ ሰው ዝም ይላል፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበረ ወይ ከተባለ ግን ሳይሸማቀቅ ይናገራል፤ ያም ቁጥር ሲጨምር የት መመልከት እንዳለባችሁ ያሳያል። ባለጉዳዩ በስልክ የተናገረው ምልልስ ከመዝገቡ ጭረት ጋር ካልገጠመ ደግሞ መዝገቡ እየተበላ ነው። ይህ ማመሳከሪያ ባይኖር ከላይ የተባለው የ30 ነጥብ መስመር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሱፐርቪዥን የሚባለውን ጉብኝት በአንድ ነገር ብቻ እንንካው። ቼክሊስቱ ቃለ ጉባኤ፣ የፎቶ ማስረጃና የተዘጋጀ ሰነድ ስለሚጠይቅ፣ ቡድኑ በሚመጣበት ሳምንት መስኮቶች ይዘጋሉ። ሱፐርቫይዘሩ ሰነድ ትቶ ከመዝገቡ አምስት ተራ ቁጥር በዘፈቀደ መርጦ «እነዚህን ፋይሎች አምጡልኝ» ቢል በግማሽ ሰዓት የበለጠ ያውቃል።

ብዛትን መቁጠርና ውጤትን መለካት የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ከሐይቁ የተሻለ ምሳሌ ባሕር ዳር ውስጥ አይገኝም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ በዘመቻ የተነቀለው በሄክታር፣ የተሰለፈው ሰው በቁጥር፣ የዋለው ቀን በሰው ቀን ሲዘገብ ኖሯል። ሄክታሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ግን የነቀላ ሄክታር ይደመራል እንጂ አይቀነስም። አረሙ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ በነፋስ ከደምቢያ ዳርቻ ወደ ፎገራ ይገፋል፣ ዘሩም በደለሉ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ያው አንድ የባሕር ዳርቻ በዓመት ሦስት ጊዜ ተነቅሎ ሦስት ጊዜ ሪፖርት ሊደረግ ይችላል። የነቀላው ድምር ከአረሙ ስፋት ሲበልጥ ቁጥሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኗል። የሚጠቅመው መለኪያ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ለምሳሌ ክረምቱ ወጥቶ አረሙ በሚሰፋበት በጥቅምት፣ በሳተላይት ምስል የሚታየው የተሸፈነ ስፋት ነው። በአገልግሎት ዴስክም ያው ነው። «የተስተናገደ ተገልጋይ 4,000» ማለት አንድ ሺህ ሰው አራት አራት ጊዜ መጣ ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ አቆጣጠር አገልግሎቱ በከፋ ቁጥር አፈጻጸሙ ያድጋል። ሪፖርቱ ላይ በቁጥር የሚገባው ያለቀ ጉዳይ ይሁን፤ የመጣ ሰው በጎን ይጻፍ፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ምልልሱ ይወጣል። 4,000 ለ1,000፣ አራት። ቢሮው ያለውን መረጃ ይዞ ዛሬውኑ ሊያሰላው የሚችለው ቁጥር ይህ ነው።

የንጽጽር ወቅትም ይታሰብበት። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው፤ ሐምሌ ደግሞ የግብር ወር ነው። የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ከሦስተኛው ጋር አወዳድሮ «አፈጻጸማችን ተሻሽሏል» ማለት ወረፋው በራሱ ስለቀነሰ መመስገን ነው። ታህሳስ ከአምና ታህሳስ፣ ሐምሌም ከአምና ሐምሌ ጋር ይወዳደር።

ለመጀመር ያሰበ ቡድን በሐምሌ አይጀምር። ዕቅድ የሚወርድበት፣ አዳራሹ የሚሞላበት ወር በመሆኑ አዲሱ መዝገብ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ይቀራል። ጥር ይሻላል። አንድ አገልግሎት ብቻ ይመረጥ፤ የሚበዛውና ቅሬታ የሚነሣበት። መጀመሪያ የሁለት ሳምንት ሙከራ፣ ከዚያ ቅጹን ማረም፤ የትኛውም ቅጽ በመጀመሪያው ዲዛይኑ አይሠራም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሦስት ወር መነሻ ቁጥር ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ከማንም ነጥብ ጋር እንደማይያያዝ ለሠራተኞቹ በግልጽ ይነገር፤ ካልተነገረ የሚሰበሰበው ያማረ ቁጥር ነው። ግንቦት ላይ ቁጥሩ አዳራሹ ውስጥ፣ ከባነሩ ጎን፣ በእጅ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ባለፈው ወር ስንት ጉዳይ አለቀ፣ መሐለኛው ስንት ቀን፣ ምልልሱ ስንት። በሰኔ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲጻፍ ዒላማው ከዚህ መነሻ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ አራት የነበረውን ምልልስ ወደ ሦስት ማውረድ ለአንድ ዓመት በቂ ዒላማ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ከመስኮት ሠራተኞቹ መካከል አይሁን፤ ፈቃድ ሲወጣ የሚተካውም ከወዲሁ በስም ይታወቅ።